የአቶ ወልደሰንበት አጥር

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለየሺሃረግ፣

እንደምን ከርመሻል? የእንጦጦ ብርድ አልጠናብሽም? ጎረቤቱስ፣ ዕድርተኛውስ ሁሉም ደህና ነው? እኔ አምስተኛውን የፈረንጅ ክረምት ልጀምር ነው። ከሥራ ብዛት በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ሳያሳዝንሽ አልቀረም፤ ሰው አገር ያለ ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚያልቅበት አያውቀውምና ይቅር በዪኝ።

አሁን የምጽፍልሽ በትልቅ ጉዳይ ነው። የዶክትሬት ጥናቴን በሰብል በሽታው በዋግ ላይ እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የስንዴ ዋግና የሲናር ዋግ ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን የስንዴው ሲናርን አይነካም፣ የሲናሩም ስንዴን አይነካም። ሁለቱ የሚገናኙት በዚያ እንጨቱ ቢጫ በሆነው እሾህ ቅጠል ላይ ነው። እዚያ ተገናኝተው ቢዳቀሉ ልጃቸው ስንዴውንም ሲናሩንም ሊበላ ይችላል። ለፕሮፌሰሬ እንዲህ ያለ ድቅል ከገበሬ ማሳ ላይ ያመጣለት ሰው እስከ ዛሬ የለም። በዚህ አገር እሾሁን የዋግ መራቢያ ነው ብለው ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ እየነቀሉ አቃጥለውታል። ከራጉኤል በላይ ያለው የአቶ ወልደሰንበት አጥር ግን ይኸው እሾህ ራሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይዘሽኝ ወጥተሽ ያሳየሽኝ ትዝ ይልሻል? ይዣቸው የመጣሁት ሦስቱ ደብተሮችሽም ብዙ ጠቅመውኛል።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከአጥሩ ሥር ካለው ስንዴ ዋግ የመታውን ቅጠል አድርቀሽ በፖስታ ላኪልኝ። አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ወንድምሽ አካሉ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.
በዳንኤል እጅ የተላከ

ይድረስ ለወንድሜ ለአካሉ፣

የእንጦጦው ራጉኤል ከክፉ ይጋርድህ። አንተን ከአራት ዓመትህ ጀምራ ያሳደገችህ እናቴ የማርያምወርቅ በሕይወት ብትኖር ደብዳቤህን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰፈሩን ትዞርበት ነበር። እኔም መድረሱ ደስ ብሎኛል። ደህና ነኝ፤ ጣራው ያፈሳል፣ እኔ አላፈስም።

ይህን በፖስታ ያልላክሁት በግልጽ ልጽፍልህ ፈልጌ ነው። ዳንኤልን የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር አድርገህ ታውቀዋለህ፤ አሁን ለሥልጠና እናንተ ዘንድ ይመጣል። አንብበህ ቅደደው።

መጋቢት 1970 አሰሳ የመጣ ቀን አልጋዬ ሥር ካለው የዘር ጆንያ የተከለከለ በራሪ ወረቀት ወጣ። ጆንያው የእኔ ነበር፤ ወረቀቱ ያንተ ነበር። የቀበሌው ሰው ወደ አንተ ዞሮ፣ «ይህ የማን ነው?» አለህ። አንተ፣ «አላውቅም» አልክ። ዓይንህን ሳየው መሬት አየህ። ስምህን ሳልጠራ ወደ እስር ቤት ሄድኩ። እስክትናገር ጠበቅኩህ፤ አሥራ አንድ ወር ጠበቅኩህ። በሰባተኛው ወር በእኔ ስም የመጣውን የትምህርት ዕድል ለአንተ አዙረውት ሄድክ። በሳምንቱ እናቴ ሞተች። እኔም አልቀበርኳት፣ አንተም አልቀበርካትም። ዕድር ቀበራት።

ፋይሌ ላይ ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የላቦራቶሪ ረዳት የነበርኩት ሴት በዚያው የእርሻ ሙከራ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ወፍ እጠብቃለሁ፤ እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች የተጠቀሙበትን ዕቃ አጥባለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለጣቢያው እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፦ «ጆንያው ውስጥ የተገኘው የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ»። የእኔ ነበር በል አላልኩህም። አንተ እዚያ ነህ፤ ማንም አይነካህም። ይህን ካደረግክልኝ የሆነው ሁሉ ይረሳኛል፤ በእናቴ አጥንት እምልልሃለሁ።

ዋጉን እልክልሃለሁ። ግን ደብተሮቼን እንደወሰድክ የእጄን ሥራ አልወሰድክምና ልንገርህ። ያኔ ተማሪ ሳለህ ንጹሕ ዋግ ጠረጴዛህ ላይ ታገኝ የነበረው እኔ አስቀድሜ ቅጠሉ ላይ ካለች ከአንዲት የዋግ ነጠብጣብ ብቻ ብናኙን በቀጭን ብሩሽ እያነሳሁ፣ እያንዳንዷን ለብቻ በፋኖስ ብርጭቆ ሥር እያበቀልኩ ስለማቆይልህ ነው። እንዲህ ካልተለየ በአንድ ፖስታ ሁለት ዋግ ገብቶ አንድ ይመስላል። ይህን አትርሳ።

እህትህ የሺሃረግ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ የሺ፣

በዓሉን በሰላም እንድታሳልፊ እመኛለሁ። የላክሽልኝ ደብዳቤ በሰውየው እጅ ደርሶኛል። አንብቤ አዘንኩ፤ እንደ ትእዛዝሽም አደረግኩት።

ያነሳሽውን ጉዳይ በጥሞና አሰብኩበት። እዚህም ቢሆን ኤምባሲ አለ፣ የተማሪዎች ማኅበር አለ፣ ሰው የጻፈውን የሚያይ ሰው አለ። አንድ መስመር ጽፌ የአምስት ዓመት ልፋቴን ገደል ልክተተው? ጊዜው ገና ነው። ስመለስ፣ ዶክተር ሆኜ፣ ራሴ እጅሽን ይዤ ላቦራቶሪው ውስጥ አስገባሻለሁ። ደግሞም ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። አንቺ ሆደ ሰፊ ነሽ፤ እናታችንም የምትወድልሽ ይህንኑ ነበር።

በዳንኤል እጅ የሱፍ ሻርፕ ልኬልሻለሁ፤ ለብርዱ ይሆንሻል። ቅጠሉን አደራ። መስከረምና ጥቅምት እንዳያልፍብሽ።

አካሉ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአካሉ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ሻርፑ ደርሶኛል። ጥሩ ሱፍ ነው። ስድስት ወር ያልጻፍኩልህ የምጽፈው ስላጣሁ ነው።

ትናንት እሑድ ስለሆነ እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከሰፈራችን ጀምሮ ባሕር ዛፉን እየታከክ፣ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች እየለቀቅክ፣ ትንፋሽህ ሲያልቅ ራጉኤል ይታይሃል። አቶ ወልደሰንበት አርጅተዋል፤ ስንዴያቸው ግን ዘንድሮ ወገብ ደርሷል። አጥሩ ያው ነው። እሾሁ ቅጠል ላይ ያቺ ብርቱካን የመሰለች ነጠብጣብ ሞልታለች።

ስንዴው መሐል ሲናሩ ከስንዴው እኩል ቆሟል። «ለምን አይነቅሉትም?» አልኳቸው። «እሱስ የእግዜር ፍጥረት አይደለም?» አሉኝ፣ «አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ አብሮ ይፈጫል። ሆድ ውስጥ ገብቶ እኔ ስንዴ ነኝ፣ እኔ ሲናር ነኝ ብሎ የተጣላ የለም።» ስቄ ተውኳቸው። እንደምታውቀው የሁለቱ ቅጠል ሲደርቅ ለመለየት ያስቸግራል።

ዋግ የመታውን ቅጠል እንዳገኘሁት፣ አንዳች ሳልነካካ፣ በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ሌላውን አንተ ታውቅበታለህ።

የሺሃረግ


ላይፕዚግ፣ ጥር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ እህቴ የሺ፣ የእኔ እመቤት፣

እጅሽ ይባረክ። ከየት ልጀምርልሽ? ደብዳቤሽን በጥድፊያ ነው ያነበብኩት፤ ዓይኔ ፖስታው ላይ ነበር። ብናኙን አራግፌ ግማሹን በስንዴ ችግኝ ላይ፣ ግማሹን በሲናር ችግኝ ላይ ነፋሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስንዴውም ሲናሩም ዝገት ለበሰ። ሁለቱም። ከአንድ ፖስታ። ፕሮፌሰሬ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ።

ዋጉን ለይተህ አጥርተህ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከአንቺ እጅ የመጣ ነገር ንጹሕ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቅ፣ «ከአንዲት ነጠብጣብ የተነሳ ነው» አልኩት። ያንን ሥራ እንደገና ብሠራው ስድስት ወር ይፈጅብኝ ነበር። አንቺ አሳረፍሽኝ። ለመጽሔት መጻፍ ጀምሬያለሁ።

ያንቺው አካሉ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መጋቢት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

አካሉ፣

ደስታህን ሰማሁ። ትናንት እዚያ ጆንያው የተፈተሸበት ክፍል ቁጭ ብዬ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ በዛሬው ዕለት ስድስት ዓመት ሆነው።

አሁንም ያችን አንድ መስመር ጻፍልኝ። ጣቢያው አንድ የላቦራቶሪ ቦታ ክፍት አድርጓል፤ ማመልከቻ የሚዘጋው በሐምሌ ነው። ይህ ለመጨረሻ ጊዜ መጠየቄ ነው።

አንተም ስለ ላክሁልህ ነገር የምትጠይቀኝ ካለ ጠይቀኝ። ለጠየቅከኝ ሁሉ እውነቱን እመልስልሃለሁ። ያልጠየቅከኝን ግን አልነግርህም።

ራጉኤል መሳለም ትቻለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።

የሺሃረግ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ የሺ፣

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ እኔም በሥራ ተይዤ ዘገየሁ። ጽሑፌ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ «በአገር ቤት ናሙና በመሰብሰብ ለተባበረችኝ የመስክ ሠራተኛ» ብዬ ምስጋና አስፍሬያለሁ። ስምሽን ያልጠቀስኩት ለአንቺው ደኅንነት አስቤ ነው።

ስለዚያ ጉዳይ ደግመሽ ባታነሺብኝ ደስ ይለኛል። በጥቅምት በፈታኞች ፊት እቀርባለሁ፤ ልቤን እንዲከፋፍለው አልፈልግም። ስለ ናሙናው የምጠይቅሽ የለም፤ ሁሉም ግልጽ ነው። ለክረምቱ የናይለን የዝናብ ልብስ በጥቅል ልኬልሻለሁ።

አካሉ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፣

ምን አድርጌሽ ነው?

ፈታኞቹ መካከል አንዲት አሮጊት ነበረች። ስናገር ሁሉ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ቆየችና፣ «የጀመርከው ከስንት ነጠብጣብ ነው?» አለችኝ። «ከአንዲት» አልኳት። «ያችን አንዲት ያነሳው ማነው?» አለች። ወረቀቶቼን አገላበጥኩ። የተረፈውን ብናኝ ወስደው ሠላሳ ነጠብጣብ ለብቻ ለብቻ አበቀሉ። ከስንዴ የተነሳው ስንዴን ብቻ በላ፤ ከሲናር የተነሳው ሲናርን ብቻ በላ። አንድም ድቅል የለም። ሁለት ዋግ በአንድ ፖስታ ገብቶ ነው አሉኝ። ጽሑፌ እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ሐሰተኛ የሚል ቃል ተናግረዋል።

እስከ የካቲት ጊዜ ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ባዶ እጄን ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ፤ ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ከዚያው አጥር ሥር አዲስ ቅጠል ቶሎ ላኪልኝ። የፈታኞቹ ኮሚቴም በጣቢያው አድራሻ ይጽፍልሻል። «ናሙናውን ከአንዲት ነጠብጣብ ያነሳሁት እኔ የሺሃረግ ነኝ፣ አውቃለሁ» ብለሽ መስክሪልኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው። ባሳደገችን እናት ይዤሻለሁ።

አካሉ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

አካሉ፣

እትዬ ካልከኝ ስንት ዘመን ሆነህ። እናቴን ጠርተህ ለምነኸኛልና የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ።

አልዋሸሁህም። ደብዳቤዎቼን መልሰህ አንብባቸው፤ የቀደድከውንም አስታውሰው። ካልተለየ ሁለቱ አንድ ይመስላል ብዬሃለሁ። ሲናሩ ከስንዴው እኩል ቆሟል ብዬሃለሁ። አንዳች ሳልነካካ ልኬልሃለሁ ብዬሃለሁ። ጠይቀኝ ብዬሃለሁ። አንተ ያነበብከው ፖስታውን ነው። የእኔ እጅ ዕድሜህን ሙሉ ከአንተ ፊት ፊት እየሄደ ሲጠርግልህ ኖሯልና፣ መንገዱ በራሱ ንጹሕ የሆነ መስሎህ ነበር። ነጠብጣቡን ለብቻ ለብቻ እንደማትለይ አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። አንተ ልክ ነበርክ።

ያን እሑድ ከለቀምኩት ቅጠል ግማሹን ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ከቤቱ ጀርባ በአርባ የቲማቲም ጣሳ ችግኝ ተክዬ፣ ፋኖስ ብርጭቆ ደፍቼበት፣ ከእያንዳንዷ ነጠብጣብ ለብቻ አነሳሁ። ሠላሳ ዘጠኙ እንዳንተው ናቸው። አርባኛዋ ከስንዴ ላይ የተነሳች ነበረች፤ ሲናር ላይ ብነፋት ያዘች። ከሲናሩ መልሼ ስንዴ ላይ ብነፋት ያዘች። አላመንኩም። ሰባት ጊዜ አመላለስኳት፤ ሰባቱንም ጊዜ ሁለቱን በላች። ዲቃላዋ ነበረች፣ አካሉ። አንተ ፈረንጆቹ ፊት የማልክላት ነገር፣ ደብተሮቼን ይዘህ የሄድክላት ነገር፣ እኔ ደጅ በጣሳ ውስጥ ስታድግ ነበር። የአንተ ጽሑፍ ሲወጣ የእኔዋ አምስተኛ ዙሯ ነበር። ጣሳዋ ፊት ቁጢጥ ብዬ ስቄያለሁ። ቀጥሎ አልቅሻለሁ፤ ለማን እነግራለሁ? ወፍ ጠባቂ አገኘሁ ብትል ማን ይሰማታል?

ማመልከቻው በሐምሌ ተዘጋ። ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው። የናይለን ልብስህ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው።

የኅዳሩ ደብዳቤህ በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደደረሰኝ አርባውንም ጣሳ በበርሜል ውኃ ቀቀልኩት። በማግስቱ እንጦጦ ወጣሁ። ለአቶ ወልደሰንበት ያ እሾህ ዋጉን እንደሚያራባባቸው፣ አሁን ደግሞ ስንዴውንም ሲናሩንም የሚበላ አዲስ ዋግ እንደወለደባቸው አስረዳኋቸው። «አባቴ የተከሉት አጥር ነው» ብለው ሦስት ቀን አመላለሱኝ። ዘንድሮ በሰሜን ያለውን ረሃብ ሰምተዋል፤ በአራተኛው ቀን ራሳቸው ዶማ ይዘው ጠበቁኝ። ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ ከሥሩ ነቀልነው፤ ከእነ ሥሩ አቃጠልነው። በዚያ ወገን ያለውን ገደላገደል ሁሉ ዞረን አንድም አላስቀረንም። የላክህልኝን ሻርፕ እጄ ላይ ጠቅልዬ ነው እሾሁን የጎተትኩት፤ ጥሩ ሱፍ ነው ያልኩህ እውነቴን ነበር። የአጨዳውን አገዳ ሳይቀር አቃጥለናል።

ለገበሬው ብዬ ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ አንተ ነህ። እሳቱ አመድ እስኪሆን ከአጠገቡ አልሄድኩም፤ የሚነደው የእኔም ስም ነውና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሁን እውነቱን የምናውቅ እኔና አንተ ብቻ ነን። እውነት ይዞ ምስክር ማጣት ምን እንደሚመስል ከእንግዲህ አብረን እናውቀዋለን።

የኮሚቴው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ትልቅ ማኅተም አለው። የጣቢያው ኃላፊ ወፍ ከምጠብቅበት ማሳ አስጠርቶ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ቢሮ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ናሙናው ከአንዲት ነጠብጣብ የተነሳ ስለመሆኑ የምታውቂው አለ ወይ ይላል። ከሥሩ ለመልስ ግማሽ ገጽ ባዶ ትተውልኛል።

ግማሽ ገጽ አላስፈለገኝም። የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ታውቀዋለህ፤ ያን የአሰሳ ቀን ከአንተ የሰማሁት ነው።

የሺሃረግ